የአንዲት ካታማራን የስድስት ዓመት ሒሳብ፦ የጉዳይ ጥናት

የአንዲት ትልቅ ባለሸራ ካታማራን፣ ማለትም ሁለት አካል ጎን ለጎን የተያያዙባት ጀልባ፣ ባለንብረቶች የሆኑ ባልና ሚስት በአምስተኛው የባለቤትነት ዓመታቸው መጨረሻ ላይ ሁለት ቦክስ ፋይል ሙሉ ደረሰኝ ይዘው መጥተው «ይህችን ጀልባ እንያዛት ወይስ እንሽጣት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለአራት ዓመታት የጀልባዋን ዓመታዊ ወጪ በሚገባ የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። በአምስተኛው ዓመት ግን ወጪው ከአራተኛው ዓመት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ ሲያገኙት ተታልለው ይሁን ወይም ራሳቸው አጥፍተው መለየት አቃታቸው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ካገላበጥኩ በኋላ፣ በአምስተኛው ዓመት ከመደበኛው በላይ የተከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው የቀደሙት ዓመታት ዕዳ መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ ያ ዕዳ እንዴት ተጠራቅሞ ሳይታይ እንደቆየ ያሳያል፤ ስድስተኛውን ዓመት ደግሞ አብረን ስለተከታተልነው እሱንም ጨምሬዋለሁ።

ስለ አሠራሩ አስቀድሜ ልናገር። ገንዘቡን በማንኛውም አገር መገበያያ አልጻፍኩም፤ ጀልባዋ የተገዛችበትን ዋጋ 1,000 አሃድ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር አነጻጽሬዋለሁ። ስለዚህ «64 አሃድ» ስል ከግዢው ዋጋ 6.4 በመቶ ማለቴ ነው። የግዢው ገንዘብ ወለድና የጀልባዋ የእርጅና ቅናሽ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። ሁለቱም እውነተኛ ወጪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ባለንብረቶቹ የጠየቁት በየዓመቱ ከኪሳቸው ስለሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ስለነበር በዚያው ላይ ጸንቻለሁ።

ጀልባዋ 14 ሜትር ርዝመትና ከ8 ሜትር ጥቂት የሚያንስ ስፋት ያላት፣ 15 ቶን ገደማ የምትመዝን የፋይበርግላስ ካታማራን ናት። ውሃው ላይ የሚያርፉት ሁለት ረጃጅም አካላት፣ እዚህ ቀፎ የምላቸው፣ በመካከላቸው ባለው ሰፊ መድረክ የተያያዙ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ቀፎ ጅራት በኩል 45 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ተቀምጧል። አራት መኝታ ክፍል፣ አራት መጸዳጃ፣ የባሕር ውሃ የሚያጣራ መሣሪያ፣ ሶላርና አንድ ትልቅ የባትሪ ክምችት አላት። የተገዛችው አምስት ዓመት ከሠራች በኋላ ነው፤ ይህ የዕድሜ ነገር በኋላ ወሳኝ ስለሚሆን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ባለንብረቶቹ ሲገዟት በዓመት 60 አሃድ በቂ ነው ብለው አቅደው ነበር። ግምቱን የሰጣቸው ሻጩ ሲሆን፣ የራሱን የመጨረሻ ዓመት ደረሰኝ አሳይቷቸዋል። ደረሰኙ ሐሰት አልነበረም።

ስድስቱ ዓመታት

የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 64 አሃድ ነበር፤ ሁለተኛው 61፣ ሦስተኛው 78፣ አራተኛው 69፣ አምስተኛው 171፣ ስድስተኛው 85። ድምሩ 528 ሲሆን በዓመት በአማካይ 88 አሃድ ይደርሳል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ጀልባዋ ከተገዛችበት ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆን ገንዘብ በላይዋ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። የሚገርመው ከስድስቱ ዓመታት አንዱም በትክክል አማካዩን አለመምሰሉ ነው። አምስቱ ከአማካዩ በታች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ከሁሉም በላይ ቆሟል። እንዲህ ዓይነት የወጪ አካሄድ ያለውን ንብረት አንድን ዓመት ብቻ አይቶ የሚገምት ሰው፣ ሻጭም ይሁን ገዢ፣ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ መሳሳቱ አይቀርም።

የመጀመሪያውን ዓመት ዘርዝረን እንየው። ለማሪና (የጀልባዎች ማቆሚያ ወደብ) ኪራይ 24፣ ለመድን አረቦን 15፣ ጀልባዋን ከውሃ አውጥቶ ሆዷን ለማጽዳትና ለመቀባት 9፣ ለጥቃቅን ጥገና 7፣ ለሁለቱ ሞተሮች ሰርቪስ 4፣ ለደህንነት ዕቃዎችና ለምዝገባ 2፣ ለናፍጣ 2፣ ለልዩ ልዩ ነገሮች 1። በዚያ ዓመት ባለንብረቶቹ በጀልባዋ የተጠቀሙት 38 ቀን ብቻ ነው። በመጠቀማቸው ምክንያት የወጣው ግን ናፍጣው፣ ከጥቃቅኑ ጥገናም ምናልባት ግማሹ ነው፤ ከ64ቱ አሃድ ወደ 58 የሚጠጋው አንድም ቀን ሳይሳፈሩ ቢቀሩ እንኳ ይከፈል ነበር። ጀልባዋ ለዋለችበት ለአንድ ቀን ሲካፈል 1.7 አሃድ ገደማ ይመጣል።

ከዚህ ጋር አራተኛውን ዓመት ማነጻጸር ተገቢ ነው። በዚያ ዓመት ባልና ሚስቱ ከሥራ ረዥም ፈቃድ ወስደው አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን ገደማ፣ በጀልባዋ ላይ ኖሩ። የማሪናውን የዓመት ውል አፍርሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሕቅ ጥለው ስላሳለፉ የማቆሚያው ወጪ ከ24 ወደ 17 ወረደ። ናፍጣው 2 አሃድ ጨመረ፤ የመልሕቁ ሰንሰለት ዚንክ ልብሱ ተልጦ ስለነበር እንደገና ለማስለበስና የሰንሰለት መጎተቻውን ሞተር ለማደስ 3 አሃድ ወጣ። ያ ሁሉ ኑሮ በዓመቱ ሒሳብ ላይ ያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ትንሽ ነው፤ የአንድ ቀን ዋጋ ደግሞ ወደ 0.6 አሃድ ወረደ። ትልቅ ካታማራን በመጠቀም ብዛት የምትወደድ ንብረት አይደለችም። ቆማ የምትፈጀው ገንዘብ ሄዳ ከምትፈጀው እጅግ ይበልጣል፤ ቆማ መዋሏ የሚያመጣው ጉዳትም እንዳለ በስድስተኛው ዓመት ላይ እናያለን።

ስፋቷ የሚያስከፍለው

ካታማራንን ሰዎች የሚወዱበት ምክንያት ስፋቷ ነው፤ አትጋደልም፣ ዕቃ አይገለበጥባትም፣ ሰው በመድረኳ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወጪዋም ከዚያው ከስፋቷ ይጀምራል። 14 ሜትር ርዝመት ያላት ባለአንድ ቀፎ ጀልባ ወርዷ 4.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ በውሃ ላይ የምትይዘው ቦታ 62 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ይህች ካታማራን ግን 110 ካሬ ሜትር ገደማ ትይዛለች። ለባለአንድ ቀፎ ጀልባ በተሠራ ማሪና ውስጥ የሁለት ጀልባ ቦታ ካልሆነም የአንድ ተኩል ቦታ ትወስዳለች፤ ስለዚህም ብዙ ማሪናዎች ለካታማራን ከመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስከፍላሉ። ባለንብረቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ያላወቁት፣ ለዚህ ስፋት የሚሆን ቦታ በማሪናው ውስጥ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የለቀቁትን ቦታ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ነው። ከአራት ወሩ ጉዞ ሲመለሱ ቀድሞ የነበሩበትን ቦታ ለማግኘት ሁለት ወር ጠብቀዋል።

ከማሪናው ይልቅ ስፋቷ በይበልጥ የተሰማቸው ጀልባዋን ከውሃ በማውጣቱ ላይ ነው። ጀልባዎችን በሰፋፊ ቀበቶ ታቅፎ የሚያነሣው ባለጎማ ማንሻ ክሬን በሁለት እግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውስን ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ለባለአንድ ቀፎ ጀልባ ስለሆነ 8 ሜትር ስፋት ያለው ነገር አይገባባቸውም። በአካባቢው ከነበሩት የጥገና ግቢዎች ይህችን ጀልባ ማንሣት የሚችለው አንዱ ብቻ ነበር። አማራጭ ሲጠፋ የዋጋ ድርድርም አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያም በላይ ግቢው በራሱ ሠራተኛ ካልሆነ በውጭ ባለሙያ የጀልባዋ ሆድ እንዲቀባ አይፈቅድም ነበር። ሆዷን በየዓመቱ መቀባት ግድ ነው፤ በመዳብ የተሠራው ቀለም ካለቀ ዛጎል ለበስ ተጣባቂዎችና የባሕር ሣር ይበቅሉበታል፣ ጀልባዋም ትከብዳለች፣ ሞተሩም ያለ ልክ ናፍጣ ይጠጣል። ሁለት ቀፎ ደግሞ ከአንድ ቀፎ የበለጠ ውሃ የሚነካው ገጽ አለው፤ ቀለሙም የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። በየፕሮፔለሩና በየዘንጉ ላይ የሚታሰሩት፣ ሌላውን ብረት ከመበላት ለማዳን ራሳቸው የሚበሉ የዚንክ ቁራጮችም በዚሁ ጊዜ ይቀየራሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ቢረሱ የሚያመጡት ኪሳራ ግን ፕሮፔለሩን ያህል ነው።

አረቦኑ

በሦስተኛው ዓመት የመድን አረቦኑ ከ15 አሃድ ወደ 22 ዘለለ። ጀልባዋ አደጋ አልደረሰባትም፣ ባለንብረቶቹም ካሣ ጠይቀው አያውቁም። ምክንያቱ ከእነሱ ጀልባ ውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶችን በመታበት ጊዜ በዓለም ላይ የኪራይ ካታማራኖች በብዛት ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱን ነው የመታው፤ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማሪያ የተባለው ተከተለ። ከዚያ በኋላ የጀልባ መድን ገበያ ተለወጠ፤ አንዳንድ መድን ሰጪዎች ከዘርፉ ወጡ፣ የቀሩትም አረቦንና የቅድመ ሁኔታ ዝርዝር ጨመሩ። የዚህች ጀልባ የቀድሞ መድን ሰጪ ውሉን ለማደስ ፈቃደኛ ስላልነበረ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ።

አዲሱ ውል ሦስት ነገር ይዞ መጣ። የመጀመሪያው፣ ስም በተሰጠው አውሎ ነፋስ ለሚደርስ ጉዳት ባለንብረቶቹ ራሳቸው የሚሸፍኑት ድርሻ ከሌላው ጉዳት እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በአውሎ ነፋስ ወራት ጀልባዋ የት እንደምትቆም በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሦስተኛው በውሉ አራተኛ ገጽ ላይ የሰፈረ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች ዕድሜ ከ10 ዓመት ካለፈ የምሰሶ መውደቅ ካሣ እንደማይከፈልበት ይገልጻል። ባለንብረቶቹ ውሉን ሲፈርሙ ጀልባዋ የሰባት ዓመት ጎልማሳ ስለነበረች ዓረፍተ ነገሩን አንብበው አለፉት። እኔ ግን ከዚህ ፋይል ሁሉ በጣም ውድ የሆነው ዓረፍተ ነገር እሱ ይመስለኛል፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 41 አሃድ አስወጥቷቸዋልና።

አምስተኛው ዓመት

ጀልባዋ ወደ አሥረኛ ዓመቷ ስትቃረብ መድን ሰጪው የባለሙያ ምርመራ ጠየቀ። መርማሪው በገመድ ወንበር ተቀምጦ ወደ ምሰሶው ጫፍ ወጣ፣ ከዚያም ሲወርድ ጥጥ ጨርቅ ይዞ እያንዳንዱን የብረት ገመድ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ። ገመዱ 19 የማይዝጉ የብረት ሽቦዎች ተጠቅልለው የተሠሩበት ነው። በግራ በኩል ካለው የጎን ገመድ የታችኛው ጫፍ፣ ሽቦዎቹ ተጨፍልቀው በብረት ቱቦ ውስጥ ከተሰፉበት ቦታ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጨርቁ ተያዘ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ከሽቦዎቹ አንዷ ተበጥሳ ጫፏ እንደ እሾህ ወጥታለች፤ ከቱቦው አፍም ቀጭን ቡናማ የዝገት እንባ ወርዷል። ሚስትየው ያንን የዝገት መስመር ካለፈው ዓመት ጀምረው ያዩት እንደነበርና በሳሙና እያጠቡት እንደቆዩ ነገሩኝ።

ለምን አንዲት ሽቦ ይህን ያህል እንደምታሳስብ ማብራራት ያስፈልጋል። ባለአንድ ቀፎ ጀልባ ነፋስ ሲበረታባት ትጋደላለች፤ በመጋደሏም ሸራው ነፋሱን ያፈሳል፣ በገመዶቹ ላይ ያለውም ጫና ይቀንሳል። ካታማራን ግን አትጋደልም። ነፋሱ ሲበረታ ኃይሉ በሙሉ ወደ ምሰሶውና ወደ ገመዶቹ ይሄዳል። ያንን ምሰሶ የሚይዙት ዋና ገመዶች ደግሞ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጎንና ከኋላ መለስ ብለው። ከሦስቱ አንዱ ቢበጠስ ምሰሶው ይወድቃል፤ ሲወድቅም ሸራውን፣ የግንኙነት አንቴናውንና አንዳንዴም የመድረኩን ጣሪያ ይዞ ነው። ስለዚህ መርማሪው «አንዱን ብቻ ለውጡ» ሳይሆን «ሁሉንም ለውጡ» ብሎ ጻፈ። ምሰሶውን በክሬን ማውረድ፣ ገመዶቹንና ማያያዣዎቹን መቀየር፣ እንደገና ማቆምና መወጠር በአጠቃላይ 41 አሃድ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ዕቃው ግማሽ ያህሉ ሲሆን የቀረው ክሬንና የእጅ ዋጋ ነው።

በዚያው ዓመት የቀኝ ሞተር ማስተላለፊያ ችግር ወጣ። በዚህች ጀልባ ላይ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ ኃይል የሚያስተላልፈው ካምቢዮ ሴይልድራይቭ ይባላል፤ በቀፎው ወለል ላይ ባለ ትልቅ ቀዳዳ በኩል ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። ያንን ቀዳዳ የሚዘጋው አንድ ወፍራም የጎማ ቀለበት ነው። የሞተሩ አምራች ጎማው በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ያዛል፤ ቢቀደድ በጀልባዋ ውስጥ የሚገባው ውሃ በባልዲ የሚቀዳ አይደለምና። ጀልባዋ 7 ዓመት የሞላት በሁለተኛው የባለቤትነት ዓመት ነበር። ያኔ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ሳለ ጥገና ቤቱ ጎማውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ «ገና ነው፣ ለሚቀጥለው ይቆይ» አለ። ጎማውን ለመቀየር ሞተሩን ከማረፊያው ፈትቶ ወደ ኋላ መጎተት ስለሚያስፈልግ ሁሉም ወገን መቆየቱን ወደደው። በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ዓመት 61 አሃድ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከስድስቱም ዓመት ርካሹ እሱ ነው። የሁለቱ ጎማዎች ቅየራ 14 አሃድ ስለሆነ የዚያ ዓመት ትክክለኛ ወጪ 75 ነበር።

በአምስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ባልየው የቀኙን ካምቢዮ ዘይት ለማየት መለኪያውን መዝዘው አወጡ። ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ዘይት ወተት የገባበት ቡና መስሎ በመለኪያው ላይ ተንጠባጠበ። ውሃ ገብቶበታል። ጀልባዋ ስትወጣ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተገኘ፤ ክሩ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ማኅተም ጎማ ቆርጦ ገብቷል። ውሃው ስንት ወር እንደቆየ ለማወቅ አልተቻለም፣ ምክንያቱም ዘይቱ ከዚያ በፊት የታየው በዓመቱ ሰርቪስ ጊዜ ብቻ ነው። ኩሽኔታዎቹና አንደኛው ጥርስ ዝገት በልቷቸው ስለነበር ለጥገናው 8 አሃድ ወጣ፤ ሞተሩ ከተፈታ አይቀር ተብሎም በሁለቱም በኩል የቆዩት ትላልቅ ጎማዎች ተቀየሩ። ድምሩ 22 አሃድ ሆነ።

ቀሪው የአምስተኛው ዓመት ወጪ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ፀሐይ የጨረሰው የፊት ሸራ 20፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱት ባትሪዎች 13፣ በሁለቱ ቀፎዎች አፍንጫ መካከል የተወጠረው መረብ 5። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 101 አሃድ ይሆናሉ፤ መደበኛው ወጪ 70 ነበር። ከ101ዱ ውስጥ ድንገተኛ ሊባል የሚችለው በዓሣ ማጥመጃው ክር ምክንያት የመጣው 8 አሃድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በጀልባዋ ዕድሜ ላይ የተጻፈ፣ ቀኑ ሊገመት የሚችል ነገር ነበር።

ጥንድ የሆነው ሁሉ

ስለ ካታማራን ሲነገር «ሁሉ ነገር እጥፍ ነው» መባሉ የተለመደ ነው፤ ደረሰኞቹ ግን ይህን በከፊል ብቻ ይደግፋሉ። ምሰሶው አንድ ነው፣ መልሕቁ አንድ ነው፣ የአሰሳ መሣሪያው አንድ ነው። እጥፍ የሆኑት ሞተሮቹ፣ ካምቢዮዎቹ፣ ፕሮፔለሮቹና መሪዎቹ ናቸው፤ ከእነሱም ጋር ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የባሕር ውሃ የሚስበው ፓምፕ ጎማ፣ ዳይናሞውና ሞተሪኖው። መጸዳጃዎቹ አራት መሆናቸው ከሁለቱ ሞተሮች ያልተናነሰ ሥራ ፈጥሯል፤ በየቱቦው ውስጥ የሚጋገረው የባሕር ጨው በስድስቱ ዓመት ጥቃቅን ጥገና ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር ነው። በቀፎዎቹ ላይ ያሉት ውሃ ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳዎች ከ20 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው መዝጊያ አላቸው፣ እያንዳንዱም መዝጊያ በጨው ይበላል። ባለንብረቶቹ ሁለቱን መጸዳጃዎች ዘግተው ቱቦዎቻቸውን አድርቀው ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ለወጧቸው፤ በእኔ አስተያየት በስድስቱ ዓመት ከወሰዷቸው ውሳኔዎች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ የጠቀማቸው ይህ ነው።

ወጪውን በኪራይ ለማካካስም አስበው ነበር። ለኪራይ የምትውል ጀልባ የንግድ መድን፣ ተጨማሪ ምርመራና የማያቋርጥ ጽዳት ትፈልጋለች፤ የሞተር ሰዓቷም በእጥፍ ይሮጣል። ሒሳቡን ስንሠራው ትርፉ የወደፊቱን ሸራና ሞተር ቀድሞ ከመብላት የሚለይ ሆኖ አላገኘነውም፤ ተውት።

ስድስተኛው ዓመትና አዲሱ ሒሳብ

በስድስተኛው ዓመት 85 አሃድ ወጣ። መደበኛው 70 ሲሆን፣ የራስ ሰር መሪው ሞተር ተቃጥሎ 9፣ የውሃ ማጣሪያው 6 ጨመሩ። የውሃ ማጣሪያው ነገር ቆሞ መዋል ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያሳያል። መሣሪያው የባሕርን ውሃ በ55 ባር ገደማ ግፊት በስስ ወንፊት ውስጥ በመግፋት ጨውን ያስቀራል። ሥራ ሲፈታ በንጹሕ ውሃ መታጠብና በመከላከያ ኬሚካል መሞላት አለበት፤ አለበለዚያ በወንፊቱ ላይ ሕያዋን ነገሮች ይራባሉ። በአምስተኛው ዓመት የጥገና ትርምስ መካከል ማንም ይህን ሳያስታውስ ሰባት ወር ቆየ። ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሸተተ፤ ወንፊቱም ተጣለ።

አዲሱን ሒሳብ የሠራነው እንዲህ ነው። ዕድሜ ያለውን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈርን፤ የመተኪያ ዋጋውን በሚያገለግልበት ዓመት ቁጥር አካፈልን። የምሰሶው ገመዶች 41 አሃድ ለ10 ዓመት፣ በዓመት 4.1። ዋናው ሸራ 24 ለ8 ዓመት፣ በዓመት 3። የፊት ሸራው 2.5፣ ባትሪዎቹ 2.2፣ የሴይልድራይቭ ጎማዎቹ 2፣ የአሰሳ መሣሪያዎቹ 1.8፣ መረቡ 1፣ ነፍስ አድን ጀልባው 0.7። ሁለቱን ሞተሮች ከ20 ዓመት በኋላ ለመተካት ደግሞ በዓመት 4.5። በአጠቃላይ 22 አሃድ ገደማ በየዓመቱ ዕቃው ባይሰበርም ሊቀመጥ ይገባል። ከ70ው መደበኛ ወጪ ጋር 92፣ ለድንገተኛ ነገር 8 ሲጨመር 100 አሃድ፣ ማለትም ከግዢው ዋጋ አንድ አሥረኛ።

ይህ ቁጥር በጀልባ ሰዎች ዘንድ ከሚነገረው «በዓመት አሥር በመቶ» ከሚለው ልማድ ጋር መግጠሙ አንባቢን እንዳያታልል እሰጋለሁ። ጀልባዋ የተገዛችው በአዲስ ዋጋዋ 60 በመቶ ገደማ ነው። ያው 100 አሃድ ከአዲስ ዋጋዋ ጋር ሲነጻጸር ስድስት በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላ አሥር ዓመት ቆይታ በግማሽ ዋጋ ብትሸጥ ደግሞ ለገዢው ሃያ በመቶ ይሆንበታል። ዋጋዋ በግማሽ ሲወርድ ስፋቷ በግማሽ አይጠብም፣ ምሰሶዋም አያጥርም፤ ክሬኑም ሸራ ሰፊውም የሚያስከፍሉት በሜትር ነው። አሮጌ ትልቅ ካታማራን በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው ዓመታዊ ወጪውን በከፈለው ዋጋ ሳይሆን ያችው ጀልባ ዛሬ አዲስ ብትሠራ በምታወጣው ዋጋ ቢያሰላ ለእውነቱ ይቀርባል።

ባልና ሚስቱ ጀልባዋን ለመያዝ ወሰኑ፤ ነገር ግን በዓመት 100 አሃድ ለመመደብና ቢያንስ 50 ቀን ለመሳፈር ተስማምተው ነው። በስድስተኛው ዓመት 52 ቀን ተጠቅመዋል። የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፍተው የመጀመሪያውን 22 አሃድ አስገብተዋል። በሁለቱም የሞተር ክፍል ክዳን ውስጥ ደግሞ ጎማው የተቀየረበትና የሚቀየርበት ዓመት በማይለቅ ቀለም ተጽፏል። አሁን በፊታቸው ያለው ዋናው ሸራ ነው፤ እሱ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል፣ የኋላ ጠርዙም ሳስቷል። መተኪያው 24 አሃድ ይፈልጋል፤ በሒሳቡ ያለው 22 ስለሆነ፣ እሱን ከወሰዱ ለሌላው የሚቀር የለም። ሸራ ሰፊው ጠርዙ ከተጠገነ አንድ ወቅት ይቆያል ስላላቸው 2 አሃድ ከፍለው እንዲጠገን ሰጥተውታል፤ የሚቀጥለው ዓመት 22 አሃድ ሲገባ አዲሱን ያዛሉ።